አባት የሌለው አሥራ ስድስት

ዘበኛው ጃኬት ለብሶ ተገኘ። ለብሶም አይባል፣ ሰው ነው ያለበሰው። የሁለተኛው ፎቅ ረጅሙ ቢም፣ ያ ወለሉን ተሸክሞ ከምሰሶ ምሰሶ የሚሄደው አርማታ፣ ለሁለት ተሰብሮ ወለሉን ይዞት ወርዷል። ዘበኛው ከፍርስራሹ ዳር በጀርባው ተዘርግቷል፣ አንድ እግሩ ብሎኬት ስር ገብቷል። ጭንቅላቱ ስር ግን የታጠፈ የሲሚንቶ ከረጢት አለ፣ ልክ እንደ ትራስ። ደረቱ ላይ ሰማያዊ የሥራ ጃኬት። እጁ አጠገብ የገዛ ስልኩ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የአምቡላንስ ሰዎች እያነሱት ነበር።

"ይተርፋል?"

"ይተነፍሳል። ሌላውን ሐኪሞቹ ያውቃሉ።"

ሳጅኑ ማስታወሻውን ገለጠ። "አምቡላንስ የተጠራው በዚሁ በዘበኛው ስልክ ነው አለቃ። ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ሲል። የወንድ ድምፅ ነው፣ ቦታውን ተናገረና ዘጋው።"

"ራሱ ዘበኛው ይሆናላ።"

"ራሱን የሳተ ሰው ለራሱ ትራስ አያነጥፍም።"

"እሺ፣ ሌላ ሰው ነበር። ሰው ካለበሰና አምቡላንስ ከጠራ በኋላ ለምን ይጠፋል?"

ሳጅኑ በሆዱ 'ጀመረች' አለ። ጣቢያው ውስጥ ከጀርባዋ "እትዬ ለምን" ነው የሚሏት። ታውቃለች። ለምን እንደሚሏትም ጠይቃለች።

ሕንፃው ልብስ ስፌት ሊሆን ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ሰባ ሰፊዎች እዚያ ፎቅ ላይ ከነማሽናቸው ሊቀመጡ ነበር። ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ ሰማዩን በተቀደደው ወለል በኩል አየችና ትከሻዋን ሰበቀች፣ እንደበረዳት።

ኮንትራክተሩ በሁለት ሰዓት ደረሰ። ሠራተኞቹ "ቶሎ ቶሎ" ነው የሚሉት፣ አፉ ሌላ ቃል ስለማያውቅ። ያን ቀን ግን መሀረብ ጉንጩ ላይ ለጥፎ ዝም ብሎ ፍርስራሹን ያያል።

"ይሄ ጃኬት የማነው?"

"የኔ።" ደነገጠ። "ግን መጋዘኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ነው የሚውለው፣ ማንም ሊያነሳው ይችላል!"

"ከስር የነበረውን ድጋፍ ማን አነሳው?"

"እኔ ነኝ ያስነሳሁት፣ ትናንት ከሰዓት። ምን ችግር አለው? አርማታ በሃያ ስምንት ቀን ይደርሳል፣ ይሄ ሦስት ወሩ ነው! እንጨቱ ለሌላው ሳይት ያስፈልገኛል። መሐንዲሱ 'ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ' እያለ አንጠልጥሎኝ፣ ትናንት እሱ በሌለበት አስነሳሁት።"

"ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?"

"ሌላው ሳይት። አርማታ እያስሞላሁ።"

"ከስንት ሰዓት ጀምሮ?"

"ከ... በጣም ቶሎ።"

የሳይት መሐንዲሱ ከመጋዘኑ አንድ ፋይል ይዞ ወጣ። ቀጭን፣ ትሁት፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሄልሜቱን ከጭንቅላቱ አያወልቅም።

"መናገር አልፈልግም ነበር" አለ። "ግን ማየትዎ አይቀርም። የዚህ ቢም ስሌት ይሄ ነው። ያሰሉት አስተማሪዬ ናቸው፣ ጋሼ ሚዛን። በእጃቸው ነው የሚሠሩት፣ ኮምፒውተር አይነኩም።" ጣቱን አንድ ቁጥር ላይ አደረገ። "እዚህ ጋ መቶ ሃያ መሆን ነበረበት። ሃያ ብለው ጻፉ። መቶዋን ረሷት። በሷ ምክንያት ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ስምንት ብረት መሆን ሲገባው አራት ብለው አዘዙ።"

"አንተ ለምን አላየኸውም?"

"የሳቸውን ስሌት እኔ ልፈትሽ?" አለ ወደ መሬት እያየ። "ማን ደፍሮ።"

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ በቀለም የተጻፈ፣ ሰባቶቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ ቀበቶ የታጠቁ፣ ከግርጌው የብረቱ ሥዕል ያለበት። ቅጂ የለውም። ጋሼ ሚዛን ስሌት ሁለቴ አይጽፉም፤ አንዴ ይጽፋሉ፣ ዋናውን ለሳይት ይሰጣሉ፣ በቃ። አርባ ዓመት ሲኮሩባት የኖሩት ነገር ነች።

*

ከሰዓት በኋላ ዝናቡን ተከትለው አንድ ሽማግሌ ጣቢያ ገቡ። ሙሉ ልብስ፣ ደረት ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ፣ እጃቸው ላይ ጥቁር ጃንጥላ። ከኋላቸው ሴት ልጃቸው ትሮጣለች፤ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

"ማሰሪያው የት ነው?" ብለው በረኛውን ፖሊስ ጠየቁት።

"የምን ማሰሪያ ጋሼ?"

"የሰው ነዋ! እሰሩኝ።"

"አባዬ ተው እንጂ!" አለች ልጅቷ፣ ከውስጥ ወደ ወጣችው ኢንስፔክተር ዞራ። "እህቴ አትስሚው፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ወንበር ሰጠቻቸውና ወረቀቱን አሳየቻቸው። አንዴ አይተው ሃያዋ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የኔ እጅ ነው" አሉ። "እንዲህ ስል አላስታውስም። እሱ ነው እኮ የሚያስፈራው፣ አላስታውስም! ታላቅ ወንድሜ በሰባ አንድ ዓመቱ ነው የልጆቹን ስም የረሳው። እኔ ባለፈው ወር ሰባ አንድ ሞላኝ። ባለፈው ሳምንት ጃንጥላ አውቶቡስ ላይ ረሳሁ።"

"ጃንጥላ ማን የማይረሳ አለ አባዬ?" አለች ልጃቸው፣ ድምጿ ግን ተሰበረ።

"ጃንጥላ ሌላ፣ መቶ ሌላ! በዚያው መስመር ግራው ጫፍ ላይ መቶ ሃያ ብዬ፣ ቀኙ ጫፍ ላይ ስደርስ ሃያ? መሐል ላይ ጠፋሁ ማለት ነው።" ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። "ስሚኝ ልጄ። በዚህ ዓመት ብቻ ስድስት ሕንፃ አስልቻለሁ። አንዱ የእናቶች ማዋለጃ ነው፣ አሁን ሰው ተኝቶበታል። አስወጫቸው። እኔን ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ።"

ኢንስፔክተሯ ወደ መስኮቱ አየች። አራስና ነፍሰ ጡር በዝናብ ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም። አለማስወጣትም ቀላል አይደለም።

"እስከ ነገ ቀትር ይስጡኝ" አለች። "ቤትዎ ይሂዱ።"

"አልሄድም።"

እና አልሄዱም። መዝገብ ቤት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ብርድ ልብስ አመጣች፣ እራት አመጣች፣ ንጭንጭ አመጣች፤ ሦስቱንም ተቀበሉና እዚያው አደሩ።

*

በማግስቱ ጠዋት ሳጅኑ እየበረረ መጣ። "አለቃ፣ ቶሎ ቶሎ ዋሽቷል! ሌላው ሳይት ሄጄ ነበር። ትናንት ጠዋት ጭራሽ አላየነውም አሉኝ። አርማታም አልተሞላም።"

ኮንትራክተሩን አስጠሩት። ጉንጩ አብጦ ሎሚ አክሏል።

"ጃኬቱ የእርስዎ፣ ድጋፉን ያነሱት እርስዎ፣ ነበርኩ ያሉበት ቦታ አልነበሩም" አለች ኢንስፔክተሯ። "ለምን?"

ሰውየው ሳጅኑን አየ። በሩን አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ በሹክሹክታ፣ "ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ።"

"ምን?"

"ጥርሴን! ሐኪሙ ክሊኒኩን ንጋት ላይ በአሥራ አንድ ተኩል ነው የሚከፍትልኝ፣ ዘመዴ ስለሆነ። ሰው እንዳያየኝ።"

"ጥርስ መነቀል ምን ያሳፍራል?"

"መነቀሉ አያሳፍርም" አለ ላቡን እየጠረገ። "ሦስቴ ከወንበሩ ላይ ሮጬ ማምለጤ ነው የሚያሳፍረው። ሠራተኞቼ ቢሰሙ ማን ይታዘዘኛል? እኔ ያን ሁሉ ሰው ቶሎ ቶሎ እያልኩ!"

ሳጅኑ ደወለ። ሐኪሙ ስልኩ ላይ ረጅም ሳቅ ሳቀ። ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ነበር፤ አንድ ሰዓቱ መነቀያ ነው፣ ሌላው ማባበያ።

"በሉ ይሂዱ" አለች ኢንስፔክተሯ። "በጨውና ለብ ባለ ውኃ ይጉመጥመጡ።"

ቀጥሎ የተጠራው ብረት አሳሪው ነው፣ በነሱ ቋንቋ ፌራዮ። ጎልማሳ፣ ትከሻው በር የሚያክል፣ መዳፉ በዝገት ከመቅላቱ የተነሳ እንሶስላ የሞቀ የሚመስል። ኢንስፔክተሯ ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።

"ወረቀቱን አንተ ታነበዋለህ?"

"ስሌቱን አላውቅም እህቴ። ከግርጌ ያለውን ሥዕል ነው የማየው። ሳላየው አንድ ብረት አልቆርጥም።"

"እንዴት ነው የምታየው?"

"እንዴት ማለት?" ግራ ገባው። የመጀመሪያውን ገጽ ሳብ አድርጎ አውራ ጣቱን ቁጥሩ ላይ ጫነ። "እንዲህ። ጣቴን አስቀምጬ ነው የምቆጥረው፣ እንዳይምታታብኝ።"

ገጹ ላይ ከአሁኑ ጣቱ ሌላ አምስት ስድስት ቀይ አሻራ ነበረ። ኢንስፔክተሯ ቀጣዩን ገለጠች። አሻራ። ቀጣዩን። አሻራ፣ የሲሚንቶ አቧራ፣ የዝናብ ጠብታ ያደበዘዘው ቀለም። ከዚያ ያንን ገጽ ገለጠች።

ንጹሕ። እንደ አዲስ ሸሚዝ።

"ይሄን ቢም ያሰርከው አንተ ነህ አይደል?"

"እኔ ነኝ።"

"ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ስንት ብረት አሰርክ?"

"አራት።"

"ወረቀቱስ ስንት ይል ነበር?"

ፌራዮው አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ሸፈነ። "ወረቀቱ እኮ አንቺ ጋ ነው ያለው እህቴ" አለ። ከወንበሩም ተነሳ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሽማግሌው ታሰሩ የሚሉት እውነት ነው?" አለ።

"አልታሰሩም። እሰሩኝ እያሉ ነው።"

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

*

ለቀትር ሁለት ሰዓት ነው የቀረው። ኢንስፔክተሯ ገጹን ይዛ መዝገብ ቤት ገባች፣ ሳጅኑም ተከተላት። ጋሼ ሚዛን ብርድ ልብሱን አጥፈው፣ አስተካክለው፣ እሱ ላይ ጃንጥላቸውን አስቀምጠው ግድግዳ ያያሉ።

"ጋሼ፣ ያስተምሩኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ይሄን ስሌት። ከዜሮ። ሒሳብ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው።"

ሽማግሌው እምቢ ሊሉ ነበር። ግን አስተማሪ ነበሩ፤ አስተማሪ ደግሞ 'አስተምሩኝ' ሲባል ሳያዘው እግሩ ይነሳል። ከጠረጴዛው ላይ ረጅሙን ማስመሪያ አነሱ፣ አራት የማኅተም ቀለም ሳጥን ደረደሩ፣ ማስመሪያውን በላያቸው አጋደሙት።

"ማስመሪያው ቢሙ ነው። ሳጥኖቹ ምሰሶዎቹ። መሐሉን ጫኚው።"

ተጫነችው። ግራና ቀኙ ብድግ አለ።

"አየሽ? አንድ ቦታ የጫንሽው ነገር እዚያው አይቀርም፣ ሌላውንም ይነካል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ቢሙን እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ በሐሳቤ ቀፍድጄ እይዘዋለሁ፣ አትነቃነቅ ብዬ። ከዚያ አንዱን ብቻ እለቃለሁ። እዚያ ምሰሶ ላይ ግራው አንድ ቁጥር ይጎትታል፣ ቀኙ ሌላ ቁጥር ይጎትታል፣ አይስማሙም። ልዩነቱን እኩል አካፍላቸውና ይታረቃሉ። ግን እርቅ በነፃ አይመጣም። ለእያንዳንዳቸው ከሰጠሁት ግማሹ ወደ ጎረቤት ምሰሶ ይሻገራል። እዚያ ደግሞ ሰላሙ ይደፈርሳል። ይሄኛውን መልሼ እቀፈድዳለሁ፣ ያኛውን እለቃለሁ፣ አስታርቃለሁ፣ ግማሹ ይሻገራል..."

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"በየዙሩ እያነሰ ነው የሚሄደው። ሠላሳ ሁለት፣ ስምንት፣ ሁለት፣ ግማሽ። ከዚያ ትተይዋለሽ።"

"የቤተሰብ ጠብ ነው በሉኛ!" አለች ኢንስፔክተሯ። "አንዱን ቤት ስታስታርቅ ግማሹ ኩርፊያ ጎረቤት ይሄዳል።"

ጋሼ ሚዛን ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ የለም።"

"እንግዲያው አብረን እንሂድበት።" ገጹን አስቀመጠች።

ፈገግታው ጠፋ። "ሃያዋን ካየሁ ወዲህ ዓይኔ ወደ ታች አልሄደልኝም።"

"እኔ ላስላው፣ እርስዎ ያርሙኝ። ያቺ የተረሳችው መቶ ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ነች። ከምሰሶው በስተግራ ሃያ። ከሁለተኛው ምሰሶ የተሻገረለት አሥራ ስድስት። ሠላሳ ስድስት ሆነ። ቀኙ ሰባ ሁለት። ልዩነቱ..." ጣቷን ቆጠረች። "ሠላሳ ስድስት። ለሁለት ሲካፈል አሥራ ስምንት።"

"ተጽፏል?"

"አዎ፣ አሥራ ስምንት ይላል።"

"ጎሽ። ግማሹ ይሻገራል።"

"ዘጠኝ።" ጣቷን ወደ ግራ፣ ወደ ሁለተኛው ምሰሶ ገፋች። ቆመች። ወደ ቀኝ፣ ወደ አራተኛው ወሰደችው። ደግሞ ቆመች። "ጋሼ... ዘጠኝ የለም።"

"ይኖራል። በደንብ እይ።"

"ሁለቱም ጋ አሥራ ስድስት ነው የሚለው።"

"ተሳስተሽ ነው" አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። ሳጅኑ ከጀርባቸው ተንጠራርቶ አየ።

"አሥራ ስድስት" አሉ ጋሼ ሚዛን በቀስታ። "ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከቀኙ ይልቅ ግራው እንደከበደ ሁሉ። ይሄ አሥራ ስድስት ከየት መጣ? አባቱ ማነው? ሰጪው ዘጠኝ ሰጥቶ እንዴት ተቀባዮቹ አሥራ ስድስት ይቀበላሉ?" ከሦስቱ እስክሪብቶ አንዱን መዘዙ፤ የሚጽፉት ቁጥር ቀጥ ያለ ነው። "አሥራ ስድስት የሠላሳ ሁለት ግማሽ ነው። ሠላሳ ሁለት ደግሞ የስድሳ አራት ግማሽ። ከቀኙ ሰባ ሁለት ጋር የስድሳ አራት ልዩነት እንዲመጣ ግራው መቶ ሠላሳ ስድስት መሆን አለበት፣ ማለትም አሥራ ስድስትና..."

እስክሪብቶው ቆመ።

"መቶ ሃያ" አለች ኢንስፔክተሯ።

"መቶ ሃያ!" ሽማግሌው ጠረጴዛውን ሲመቱት አንድ የማኅተም ሳጥን ዘለለ። "መቶ ሃያ ብዬ ነው የጻፍኩት! መቶዋን ረስቼ ቢሆን ስህተቱ ተከትሎኝ ይሄድ ነበር፣ ጎረቤቶቹ ዘጠኝ ዘጠኝ ይሉ ነበር። ስህተት እኮ ብቻውን አይቀመጥም ልጄ! ግማሹን ለግራ ግማሹን ለቀኝ ያደርሳል። ይሄኛው ግን አንድ ቦታ ተቀምጧል፣ ጎረቤቶቹ ምንም አልሰሙም!"

"ጎረቤት ያልሰማው ጠብ" አለ ሳጅኑ፣ "አልተደረገም ማለት ነው።"

"አንድ ሰው ትክክለኛውን ገጽ አጠገቡ አስቀምጦ ገለበጠው" አለች ኢንስፔክተሯ። "የሚያስፈልገውን ቦታ ብቻ ቀየረ። ቸኩሎ ነበር፣ ጎረቤቶቹን ረሳቸው።"

ስልኳን አንስታ ማዋለጃው ጋ ደወለች። "ማንም አይንቀሳቀስ" አለች። "ይተኙ። ሕንፃው ደህና ነው።" ከወዲያ በኩል የሆነች ነርስ 'እሰይ' ስትል ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

ጋሼ ሚዛን ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ደስታው ገና ሳይወርድ ሌላ ነገር መጣበት። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሰባቶች አዩ፣ ቀበቶ የታጠቁትን። እንዲህ አድርጎ ሰባት መጻፍ ያስተማሩት ሰው ብዙ ነው። እዚያ ሳይት ላይ ያለው ግን አንድ ነው።

"አትንገሪኝ" አሉ። "መጀመሪያ ሂጂና እሱ ራሱ ይንገርሽ።"

*

የሳይት መሐንዲሱ መጋዘኑ ውስጥ ነበር፣ ሄልሜቱን እንዳደረገ። ኢንስፔክተሯ ገጹን ፊቱ ዘረጋች።

"አስተማሪህ አስተማሩኝ" አለችው። "እየኝማ። ግራው ሠላሳ ስድስት፣ ቀኙ ሰባ ሁለት። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት ተካፈሉ። ዘጠኝ ይሻገራል። እዚህም እዚያም ግን አሥራ ስድስት ነው ያለው። ለምን?"

ልጁ ቁጥሮቹን አያቸው። ለካ እስካሁን ልብ ብሎ አላያቸውም። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ በሐሳቡ አሰላው፣ እንደ ተማሪ። ከዚያ ሄልሜቱን አወለቀ። ከውስጡ፣ ከላብ መያዣው ስር፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሰጣት።

አቧራ የጠጣ፣ ጥጉ የተቀደደ። መቶ ሃያ። ሠላሳ ሁለት። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ መጨረሻው መቶ ስድስት። ከግርጌ ሥዕሉ ላይ "8" የምትል ቁጥር፣ በላይዋ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ።

"ቢሙ የተሞላ ዕለት አርማታው መኪና ላይ ሆኖ እየዞረ ነበር" አለ። "ያ ረጅሙ ብረት ከስምንቱ አራቱ ብቻ ነው የደረሰው። ኮንትራክተሩ ቶሎ ቶሎ ይላል። ፌራዮውን 'አራቱን እሰር፣ ቀሪውን ነገ' አልኩት። አርማታ ግን ነገን አይጠብቅም፣ ተሞላ። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ድጋፉ እንዳይነሳ ስለምን ኖርኩ። ከትናንት በስቲያ ማታ አነሱት ሲሉኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድጋፉን ልመልስ ሊነጋጋ ሲል መጣሁ። በሩን ስከፍት... ድምፁን ሰማሁት።"

"ጃኬቱን ያለበስከው አንተ ነህ።"

"ያገኘሁት እሱን ነበር። ዘበኛው ሲተነፍስ አየሁ። ደወልኩ። አምቡላንሱ ሲመጣ ስሰማ ፋይሉን ይዤ በኋላ በር ወጣሁ፣ ገጹን ገልብጬ ተመለስኩ።" ዓይኑን ጠረገ። "ጋሼን ምን ያደርጓቸዋል፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ ይወጣሉ ብዬ ነበር። እሰሩኝ ይላሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።"

"ዋናውን ለምን አልቀደድከውም?"

"የሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው" አለ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

ሲወጡ ፌራዮው በር ላይ ቆሞ ነበር። "ስምንት ነበር የሚለው" አለ ማንም ሳይጠይቀው። "ጣቢያ ልመጣ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።"

*

የጣቢያው ስልክ ሲጮህ ያነሳው ሳጅኑ ነው። ከሆስፒታል ነበር። ዘበኛው ነቅቷል፤ እግሩ በሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ግን ይድናል። መጀመሪያ የተናገረው ነገር "ያ ጃኬት የማነው በሉልኝ፣ ይሞቅ ነበር" የሚል ነበር።

"ቶሎ ቶሎ ሰጥቼዋለሁ ብሏል በላቸው" አለች ኢንስፔክተሯ። "ባይልም ይላል።"

ጋሼ ሚዛን ዋናውን ገጽ በሁለት እጃቸው ይዘው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አሰሉት። ጨርሰው ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አሰሉት። ልጃቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥላ ታያለች፣ ምንም ሳይገባት።

"ልክ ነው?"

"ልክ ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም!" አሉና ግንባሯን ሳሟት፤ እሷም እዚያው ጋውኗ ላይ አፍንጫዋን ጠርጋ ሳቀች።

መሐንዲሱን ልጅ ኮሪደሩ ላይ አገኙት፣ ከፖሊሱ ጋር። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ሽማግሌው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"ብረቱ የጎደለ ቀን ለምን አልደወልክልኝም?"

"ይቆጡኛል ብዬ።"

"እቆጣህ ነበር" አሉት። "በጣም ነበር የምቆጣህ። ከዚያስ? ከቁጣው በኋላ መፍትሔ እንፈልግ ነበር።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰውየው ተርፏል። ያለበስከው አንተ ነህ አሉኝ። እሱን ለሁሉም እነግራለሁ። ሌላውንም እነግራለሁ።"

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ወረድ አለ፣ ሦስት ወር ሙሉ ተወጥሮ የኖረ ትከሻ።

ወደ በሩ ሲሄዱ ጋሼ ሚዛን ኢንስፔክተሯን ዞረው አዩዋት። "ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ቅጂ ነው የምጽፈው።"

"ለምን?" አለቻቸው፣ እና ሁለቱም ሳቁ።

ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር። አባትና ልጅ ወጡ። ሳጅኑ መዝገብ ቤት ገብቶ ብርድ ልብሱን ሲያነሳ፣ "ኧረ አለቃ! ጃንጥላቸውን ረስተዋል!" ብሎ ጮኸና መስኮቱን ከፈተ። "ጋሼ! ጃንጥላዎን ረሱ!"

ሽማግሌው መንገዱ መሐል ቆመው ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ "ጃንጥላ ነው! ተመስገን፣ ጃንጥላ ብቻ ነው!" አሉ።

ሳጅኑ ሊሮጥ ሲል ኢንስፔክተሯ ክንዱን ያዘችው። ልጅቷ የራሷን ትንሽ ጃንጥላ ዘርግታ ነበር። አባቷን ወደ ራሷ ሳበቻቸው፤ ግማሹ እሷ ላይ፣ ግማሹ እሳቸው ላይ። የሁለቱም አንድ አንድ ትከሻ እየራሰ፣ እየተሳሳቁ፣ ቀስ ብለው ሄዱ።

"ተዋቸው" አለች። "ይዳረሳቸዋል።"